ከአስኮ እስከ አዲስ ዓለም፦ ከሰባት ቤት ቆጠራ የጎደለችው ቅድመ አያት

ሐሙስ

የወንድሜ ልጅ ታጭታለች። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ ወዲህ የቤተሰባችን ወሬ ሁሉ የዘር ቆጠራ ሆኗል። እጮኛዋ የወልመራ ልጅ ነው፤ የእናታችንም ወገን የመጣው ከወልመራ ነው። ስለዚህ "ሰባት ቤት ይቆጠርና ይለይ" ተባለ። በአባት በኩል ችግር አልነበረም። ታላቅ አጎቴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እስከ ሰባተኛው ድረስ ጠርተው ጨረሱ። በእናት በኩል ግን አያቴ ላይ ደርሰን ቆምን። የአያቴ አባት ይታወቃሉ። እናቷስ? "የወልመራዋ" ከማለት ሌላ ከተሰበሰበው ሰው አንድ የተናገረ የለም።

ነገሩ ከነከነኝ። ስማችን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የምናገኘው ወንድ ብቻ ነው። ሰባት አባት በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሰው እናቶቹን ጥራ ቢሉት ከሁለተኛዋ አያልፍም። ዝምድና ግን በአባት መስመር ብቻ አይመጣም። እያንዳንዳችን ስምንት ቅድመ አያቶች አሉን፤ አራቱ ሴቶች ናቸው። እነዚያን አራቱን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰው እረፍት ላይ ስለሆኑ ይዣቸው ወደ ወልመራ ልሄድ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሰባት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ብዙውን ዘመድ የሚያውቁት በበዓል ቀን በስልክ "እንኳን አደረሳችሁ" ሲሉ ነው። ፍለጋውን ከእኔ ጋር እንዲሠሩት ፈለግሁ። ትልቋ በስልክ ድምፅ ትቀዳለች፣ ትንሹ ደብተር ይይዛል። የዘመዶቼን ስም ግን እዚህ አልጽፍም፤ ብዙዎቹ በሕይወት ያሉ ናቸው።

በጠዋት ከአስኮ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። ቡራዩን ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ነው፤ ቤቱ ከቤት ተያይዞ አዲስ አበባ የት እንዳበቃች አይለይም። አገሩ የሚከፈተው ገፈርሳ ግድብ ጋ ሲደርሱ ነው። ከአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ምንጮች አንዱ ይህ መሆኑን ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ትንሹ ግን ሆዱ ታውኮ ስለነበር የሰማኝ አይመስለኝም። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ከዘንቢላቸው ሎሚ አውጥተው "አሽትት፣ የኔ ጌታ" አሉት። እስከ ሆለታ ከአፍንጫው አልለየውም። በግራ በኩል ወጨጫ ተራራ አብሮን ሄደ፤ መናገሻን አልፈን ረፋዱ ላይ ወልመራ ውስጥ ሆለታ ደረስን።

የመጣነው የአያቴ ታናሽ እህት ቤት ነው። እማማ ወደ ዘጠና ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው፤ አእምሯቸው ደግሞ ከእኔም ይበልጣል። አቅፈው ከሳሙን በኋላ የትንሹን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው በጣታቸው ዳሰሱት፦ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ከዚያ አገጩን። "የእናቴ አገጭ ነው" አሉ። ገና ለምን እንደመጣን አልነገርኳቸውም ነበር።

ማታ እርጎና እንጀራ በልተን ተኛን። ጥያቄዬን ለነገ አቆየሁት። ትልቅ ሰው ቤት ገብቶ በዕለቱ ወደ ጉዳይ መግባት ደግ አይደለም።

ዓርብ

ጾም ስለሆነ ቡናው በገብስ ቆሎ ነበር። እማማ አንደኛው ሳይጠጣ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ሁለተኛው ሲቀዳ ግን ራሳቸው ጀመሩ።

ሽማግሌ ስለ ቤተሰብ ታሪክ ለመጠየቅ ለምታስቡ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። "በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?" ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሰው ልደት በአብዛኛው ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው፤ የተቀመጠውም በቁጥር ሳይሆን በነገር ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው "ያኔ ምን ሆኖ ነበር? ማን ታቅፎዎት ነበር? ቤቱ ውስጥ ማን የት ይተኛ ነበር?" ተብሎ ነው። መኝታ ሲጠየቅ የሞቱ ልጆች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ።

እማማ የራሳቸውን ልደት ሲነግሩን "ፈረንጆቹ ወታደር ሊያስተምሩ ሆለታ የገቡ ዓመት" አሉ። ይህ ግልጽ ነው። የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ነውና፣ እማማ ገና በጀርባ ይታዘሉ ነበር ማለት ነው።

"እናትዎስ?" አልኳቸው።

"እናቴማ የኅዳር በሽታ ሲገባ የፊት ጥርሷን ነቅላ ነበር። እሱን ራሷ ናት የነገረችኝ።"

ትንሹ ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ገልጦ ክፍቱን ድዱን አሳያቸው። እማማ በጣታቸው ነክተው አረጋገጡና "እንዲህ፤ ልክ እንዲህ" አሉ። ትልቋ ወዲያው አሰላች። የኅዳር በሽታ ማለት ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ አዲስ አበባ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያለቀሰችበት። ያኔ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠነው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ልጆቼ ያውቃሉ። ከ1911 ላይ ሰባት ዓመት ሲቀነስ 1904 ነው። ትንሹ በደብተሩ ላይ 1904 ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ቅድመ አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የልደት ዓመት አገኘች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የተወለደችው አዲስ ዓለም ነው። አባቷ ወታደር ነበር፤ በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ሊዋጋ ሄዶ አልተመለሰም። እናቷን ከሁለት ዓመት በኋላ የኅዳር በሽታ ወሰዳት። ጎረቤት ሁሉ ታሞ ስለነበር ወደ ቤቱ የሚገባ አልነበረም። የገባው ለአዲስ ዓለም ገበያ እህል ያመጣ የነበረ የወልመራ ገበሬ ነው፤ እናትየዋን በደንበኝነት ያውቃት ነበር። እናቲቱን አስቀብሮ ልጅቱን በአህያ ጭኖ አገሩ ወሰዳት። የራሱ ልጆች ነበሩት። ቢሆንም በጉዲፈቻ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ልጁ አደረጋት።

"ታዲያ የአባቷ ስም ብለን የያዝነው የማንን ይመስላችኋል?" አሉ እማማ። "ያሳደጋትን ነው። እኛም አያታችን እሱ ነው።"

ይህን ስሰማ ደስታም ፍርሃትም ተቀላቀለብኝ። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ በዚያ ቤት እንደ ተወለደ ነው የሚቆጠረው፤ የቤቱ ጎሳም ጎሳው ነው። በኦሮሞ ሥርዓት ሰባት ትውልድ ሳያልፍ ጋብቻ የለም። የእጮኛው ወገን ከዚያ ገበሬ ዘር ቢሆንስ? የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚከለክለው ቅርብ ዘመዶችን ነው፤ ወንድምና እህትን፣ አክስትንና አጎትን። እስከ ሰባት አይሄድም። ሕጉ ቢፈቅድ ግን የትኛው ሽማግሌ ይመርቃል? ማታ ለወንድሜ ደወልኩና "ነገ እስክነግርህ ለልጅቱ ምንም እንዳትል" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እማማ እናታቸው የተዳረችው በስንት ዓመቷ እንደሆነ ሲናገሩ ወደ ትልቋ ዞሩና "ይህቺን ታክላለች" አሉ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ወሬውን ላስቀይር እችል ነበር፤ ልጆች ፊት የማይወራ ነገር አለና። ተውኩት። ይህ የቤታችን ታሪክ ነው፤ ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ መርጬ ብነግራት የምታውቃት ቅድመ አያት ሌላ ሴት ትሆናለች። እማማም አልሸፈኑም። አያቴ ከመወለዷ በፊት ሁለት ልጆች ተወልደው ሞተዋል፤ የመጀመሪያውን ስትወልድ እናቲቱም ለሞት ቀርባ ነበር። ልጄ ቀረጻውን ሳታቋርጥ "አልቅሳ ነበር?" ብላ ጠየቀች። "ማን ይጠይቃታል፣ እሜቴ?" አሏት።

ማታ አልጋ ላይ ስለዚህ ብዙ አወራን። ዛሬ ሕጉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች እንደማይፈቅድ ነገርኳት። በሕግ መከልከሉ ብቻ እንዳልበቃ፣ በየገጠሩ አሁንም የሚዳሩ እንዳሉም ነገርኳት። በዕድሜዋ ሊነገራት የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ

የእማማ የልጅ ልጅ አስጎብኚም አስተርጓሚም ሆኖ አብሮን ወጣ። ከከተማው ዳር በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ወቅቱ የውቂያ ነው፤ በየውድማው በሬ ይነዳል፣ ጭዱ ይቆለላል። ትንሹ በሬዎቹን ቆሞ ካላየሁ አለ፣ ቆመን አየን። ቸኩለን ነበር፤ ግን ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው መንገዱ የልጁ ነው።

የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው በባሕር ዛፍ የታጠረ ነው። የእማማ የልጅ ልጅ አስቀድሞ ስለደወለ ነጭ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ጠበቁን። ልጆቼ መንገድ ላይ የተለማመዱትን "አካም ጅርቱ" አሉ፤ ሽማግሌው ሳቁና ረዥም ሰላምታ መለሱላቸው። ከሰላምታው በኋላ ያለውን አልተረዱም። ይህ ቋንቋ ከቤታችን ለምን እንደጠፋ ሳስብ ቆየሁ፤ እማማ እስከ ዛሬ ይናገሩታል፣ አያቴም ትናገረው ነበር፣ እናቴ ግን ትሰማ ነበር እንጂ አትመልስም ነበር። ልጆቼ ቢማሩት ደስ ይለኛል።

ሽማግሌው ጉዳያችንን ከሰሙ በኋላ ዘራቸውን ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ። ከሰባትም አለፉ። ትንሹ በጽሕፈት ሊደርስባቸው ስላልቻለ አስቁሟቸው፣ እንደገና ከታች ጀመሩለት። ከዚያ ወደ አያታቸው ተመልሰው የአያታቸውን ልጆች ጠሩ፤ ሴቶቹንም ጭምር። ሦስተኛ ላይ የቅድመ አያቴን ስም ጠሩ። ቅጽል አልጨመሩም፤ "ያሳደጉት" አላሉም፣ "ከአዲስ ዓለም የመጣች" አላሉም። ከወንድሟ ቀጥሎ፣ ከታናሽ እህቷ በፊት፣ በተራዋ ጠሯት። እንባዬ መጣ።

የእጮኛው ነገር የተቋጨው ከአንድ ሲኒ ቡና ባነሰ ጊዜ ነው። ሽማግሌው የልጁን አባትና አያት ጠየቁኝ፤ የያዝኩትን ነገርኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ሰው ጋ ደወሉ፣ ትንሽ ተነጋገሩ፣ ዘጉት። "ጎሳው ሌላ ነው። በእናቱም በኩል አንገናኝም" አሉ። ለወንድሜ እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው የድሮው ቤት የነበረበትን ቦታ አሳዩን። አሁን ድንች ተተክሎበታል። ከጎተራው ሥር ግን ወፍጮዋ ከነመጇ አለች። ቅድመ አያቴ እስክትዳር ድረስ የፈጨችበት ነው ተባለ፤ ከእሷ በኋላም ብዙ ሴቶች ፈጭተውበታል። ድንጋዩ መሐሉ ላይ በጣም ጎድጉዷል፤ ወደ ፊት በኩል፣ እጅ ተዘርግቶ የሚደርስበት ላይ፣ ጠርዙ ሳስቶ ሊሰበር ደርሷል። የመጁ ሁለት ጫፎች፣ መዳፍ የሚይዛቸው፣ ለስልሰዋል። ትልቋ ተንበረከከች። የቤቱ እመቤት አንድ እፍኝ ገብስ ሰጧት። ገፋች፤ ገብሱ ወደ ጎን ሸሸ። "በእጅሽ ሳይሆን በወገብሽ ነው" ብለው ከኋላዋ ሆነው ትከሻዋን ይዘው ወዘወዟት። ስትጨርስ የወጣው ግማሹ ክክ፣ ግማሹ ግርድፍ ነበር፤ ላብ አጥምቋታል። "ይህን በየቀኑ?" አለች። "ጠዋት፣ ዶሮ ሳይጮህ" አሏት። ልጄ የዚያን ቀን ስለ ቅድመ አያቴ ከእኔ ንግግር ካገኘችው የበለጠ ከድንጋዩ አገኘች።

ስንሰናበት ሽማግሌው አንድ ነገር አሳሰቡኝ፦ "ሠርጉ ላይ የእናት ወገን ተብለን እንጠራ።"

እሁድ

አዲስ ዓለም። ከሆለታ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱም ጥንታዊ ነው። አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላለቀባት ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቤተ መንግሥት ጀመሩ፣ ከአዲስ አበባም መንገድ አስቆረጡ፤ ከአገሪቱ ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ እሱ ነው። በኋላ ባሕር ዛፉ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ቅድመ አያቴ ስትወለድ ያ ሐሳብ ከቀረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቷ ከየት መጥቶ እዚህ እንደሰፈረ እማማም አያውቁም። አንድ ምልክት ብቻ አለ፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት። ልጆቼ "እንግዲያው ከሰሜን ናቸው" ለማለት ቸኩለው ነበር። ከለከልኳቸው። ንቅሳት ብቻውን አገር አይነግርም።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኮረብታው ደጀ ሰላም ሄደን አንድ አዛውንት ቄስ አነጋገርን። የዚያን ጊዜ የክርስትና መዝገብ የለም። የ1911 ሙታንም ያለ ምልክት ነው የተቀበሩት፤ ያኔ ቀባሪው ራሱ ታማሚ ነበር። ቄሱ ግን የቅድመ አያቴን እናት "የክርስትና ስሟን ታውቃላችሁ?" ብለው ጠየቁን። እናውቃለን፤ ከዓርብ ጀምሮ በደብተሩ አለ። ቅድመ አያቴ በጉዲፈቻ ቤቷም፣ ከተዳረች በኋላም፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ንፍሮ ቀቅላ ለልጆች ታድል፣ የእናቷን የክርስትና ስም ትጠራ ነበር። አማቷ አዲስ ስም አውጥታላት፣ የራሷ ስም በሰፈሩ ተረስቶ፣ የእናቷን ስም ግን አላስረሳችም። እማማ ስሙን የያዙት ከዚያ ነው። ያሳደጋት ቤተሰብም ንፍሮውን አብሮ ይበላ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንዳልከለከላት እማማ አስረግጠው ነግረውኛል።

ቄሱ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ወሰዱ፤ በጸሎት እናስባታለን አሉ። የቅድመ አያቴን አባት ስም ጠየቁ፣ የተጠመቀበት ስሙ አልተገኘም፤ የዓለም ስሙን ብቻ ሰጠናቸው። ትንሹ መቃብር ቦታው ውስጥ "የቱ ጋ ነች?" እያለ ብዙ ዞረ። "ሁሉም ቦታ ልትሆን ትችላለች" አልኩት። ስለዚህ በሁሉም ቦታ በቀስታ ሄደ።

ማታ ወደ እማማ ተመልሰን የቆጠርነውን ሁሉ አነበብንላቸው። ሁለት ቦታ አረሙን። አንዱ የሞተ ወንድማቸው ስም ነው፣ ሌላው ደግሞ የእህትማማቾች ቅደም ተከተል። ትልቋ የተቀዳውን ድምፅ ከፍታ አሰማቻቸው፤ የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው ስለማያውቁ "ይህቺ አሮጊት ማናት?" ብለው ለረዥም ጊዜ ሳቁ። ቅጂውን ለሁሉም የልጅ ልጆቻቸው ልትልክ ቃል ገባች።

ሰኞ

መመለሻው ተመሳሳይ መንገድ ነው። ትንሹ ሎሚ ይዞ ተሳፈረ።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። ደብተሩን ትልቋ አነበበች። አጎቴ በጥሞና ሰሙ፤ ጉዲፈቻው ላይ ሲደርስ ግን ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። "ይህ ለእኛ ወገን መነገር አለበት?" አሉ። አለበት አልኳቸው። ያ ገበሬ ባይገባ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምንሰበሰብ ሰዎች አንኖርም ነበር፤ የእሱን ወገን ከቆጠራው ማውጣትም ትክክል አይደለም። ወንድሜ ደገፈኝ። አጎቴም ብዙ ዝም ብለው ቆዩና "እንግዲያው የጥሪው ካርድ ስንት ይጨመር?" ብለው ጠየቁ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከወልመራ አሥራ አምስት ሰው ይመጣል፤ እማማን በመኪና የሚያመጣቸው ሰውም ተገኝቷል። እጮኛው በበኩሉ የእናቱን እናት እናት ማን እንደሆነች ሊጠይቅ ቅዳሜ አገሩ ይሄዳል፤ ትልቋ የጥያቄዎቿን ዝርዝር ልካለታለች።